ፈጣንና ሰፊ ምት በሌሊት ተረኛ ፊት፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ የኢሲጂ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል የሚያገለግሉ ሲስተር ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በሌሊት ተረኛነታቸው ወቅት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ አባት «ልቤን ይመታኛል፣ ያዞረኛል» እያሉ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የሚጠየቁትን በትክክል ይመልሳሉ፤ የደም ግፊታቸው 110/70 ነው፤ ሞኒተሩ ግን በደቂቃ 170 ይቆጥራል፤ በኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ማሽን) ወረቀት ላይ የታተሙት ምቶችም ሰፋፊና እኩል የተራራቁ ናቸው። ማሽኑ በወረቀቱ አናት ላይ ፍጥነቱ ከላይኛው የልብ ክፍል የተነሣ መሆኑን ጽፏል። አንድ የሥራ ባልደረባቸውም ግፊቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ምቱ ከታችኛው ክፍል ሊመጣ አይችልም ብሏቸዋል። ሲስተር የሚጠይቁት የማሽኑን ጽሑፍ ማመን ይቻል እንደሆነ፣ የባልደረባቸው አባባል እውነት እንደሆነ፣ እንዲሁም ተረኛው ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ወረቀቱን በምን ቅደም ተከተል ሊያነቡት እንደሚገባ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሴ አጭር ነው። ማሽኑ የሚያትመው ትርጓሜ ለውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም። የደም ግፊት ደህና መሆንም ምቱ ከየትኛው የልብ ክፍል እንደተነሣ አይነግረንም። ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ በየድንገተኛ ክፍሉ እጅግ የተለመደና አደገኛ በመሆኑ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ፈጣን ምት፣ በሙያው ስሙ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ወይም ባጭሩ ቪቲ፣ ያለበት ሰው ከባጃጅ ወርዶ በእግሩ ሊገባ፣ ስሙንና ቀበሌውን ሊነግረን ይችላል። ግፊቱን የሚወስነው የምቱ መነሻ ብቻ አይደለም፤ የምቱ ፍጥነት፣ የልብ ጡንቻው ቀድሞ የነበረው አቅም፣ በሰውነቱ ያለው የፈሳሽ መጠን፣ የደም ሥሮቹም ራሳቸውን አጥብበው ግፊትን የመያዝ ችሎታቸው አብረው ይወስኑታል። ጡንቻው ገና ያልደከመ ሰው በደቂቃ 160 የሚመታ ቪቲ ይዞ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ በአንጻሩ የልብ ቫልቯ በሩማቲክ በሽታ የጠበበባት ወጣት ከላይኛው ክፍል በተነሣ ጠባብ ምት ግፊቷ ወድቆ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ ግፊቱ የሚነግረን ምን ያህል ጊዜ እንዳለን ነው፤ የሪትሙን፣ ማለትም የምቱን ሥርዓት፣ ስም ከወረቀቱ ላይ መፈለግ የግድ ነው።

በአዋቂ ሰው ላይ የሚታይ ፈጣን፣ ሰፊና እኩል የተራራቀ ምት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቪቲ ተብሎ ይያዛል። ይህ ሕግ ከጥንቃቄ ብዛት የመጣ አይደለም። አንደኛው ምክንያት እንዲህ ያለ ምት ይዘው ከሚመጡ አዋቂዎች መካከል አብዛኞቹ በእርግጥም ቪቲ ያለባቸው መሆናቸው ነው፤ ታማሚው ቀድሞ የልብ ደም ሥር መዘጋት ደርሶበት ከነበረ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው ምክንያት የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አለመሆኑ ነው። ከላይ የተነሣን ምት ቪቲ ነው ብለን ብናክም ታማሚው ብዙም አይጎዳም። ቪቲን ግን ከላይ የተነሣ ነው ብለን እንደ ቬራፓሚል ያለ መድኃኒት በደም ሥር ብንሰጥ፣ ሲያነጋግረን የነበረው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ግፊቱ ሊወድቅና ልቡ ሊቆም ይችላል። እኒያ አባት በመጡበት ሌሊት ሲስተር ምንም መድኃኒት ሳይሰጡ ሐኪም መጥራታቸው ትክክል ነበር።

ስለ ማሽኑ ትርጓሜ ደግሞ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ወረቀቱ ንጹሕ ሲሆን ማሽኑ ርዝመቶችን ደህና አድርጎ ይለካል፤ የፒአርን (ከፒ ሞገድ መጀመሪያ እስከ ኪውአርኤስ ያለውን ርዝመት) እና የኪውአርኤስን (የታችኛው ክፍል ምት የሚሥለውን ሹል ሞገድ) ቁጥር ከእርሱ ወስዶ በዐይን ማረጋገጥ ጊዜ ይቆጥባል። ችግሩ የሚጀምረው ስም ሲያወጣ ነው። ከኪውአርኤስ ቀጥሎ የሚመጣውን ቲ ሞገድ ረጅም ሲሆን እንደ ተጨማሪ ምት ቆጥሮ 60 የነበረውን ፍጥነት 120 ሊያደርገው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው ክፍል ሥርዓት የለሽ መርገፍገፍ) አለበት ሊል፣ የላይኛውን ክፍል ምት የሚያሳየውን፣ በሰፋፊ ምቶች መካከል የተደበቀውን ፒ ሞገድም ሊስተው ይችላል። «ኖርማል» ብሎ የጻፈበት ወረቀትም ደረቱን እያመመው ላለ ሰው ዋስትና አይሆንም፤ ሕመሙ ከቀጠለ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ኢሲጂው መደገም አለበት። እኔ የምመክረው የወረቀቱን አናት ወደ ኋላ አጥፎ ጽሑፉን ሳያዩ ማንበብ፣ የራስን ንባብ በእስክሪብቶ ከጻፉ በኋላ ብቻ ገልጦ ማስተያየት ነው። አስቀድሞ የታየ ስም ዐይንን ወደ ራሱ ስለሚስብ ቅደም ተከተሉ ራሱ ጥቅም አለው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ንባቡ የሚጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከታማሚው ነው። ሞኒተሩን እያዩ እጅዎን በእጅ አንጓው ላይ ያሳርፉ። የልብ ምት በጣት የማይገኝ ከሆነ፣ በአንገትም ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ፈልገው ካጡት፣ የሪትሙ ስም ምንም ይሁን ምን ደረትን መጫን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚታከም ነው ወይስ አይደለም? ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን (የታችኛው ክፍል ሥርዓት የለሽ መርገፍገፍ) እና ምት አልባ ቪቲ ንዝረት ይሰጣቸዋል፤ ቀጥ ያለ መስመርና ምት የማያስገኝ ሥርዓታማ ሪትም አይሰጣቸውም፤ ለእነዚህ ደረት መጫኑ፣ አድሬናሊኑና የመንሥኤው ፍለጋ ናቸው ሕክምናቸው።

ምቱ ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ወረቀቱ እውነት ይናገር እንደሆነ ነው። ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ በእኔ እምነት ግን የንባብ ስሕተቶች ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱም 10 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊ ቮልት መሆኑን ይመልከቱ። አንድ ሰው ሳያውቅ ፍጥነቱን ወደ 50 ቀይሮት ከሆነ ጠባቡ ሰፊ፣ ፈጣኑም ዘገምተኛ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ሊድ ከሚባሉት፣ ልብን ከተለያየ አቅጣጫ ከሚያሳዩት የወረቀቱ መስመሮች፣ አንደኛውንና ኤቪአር የተባለውን አብረው ይዩ፤ አንደኛው ሊድ ወደ ታች ተገልብጦ ኤቪአር ወደ ላይ ከቆመ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀኝና የግራ እጅ ገመዶች መቀያየር ነው። የደረት ኤሌክትሮዶች ደግሞ በዐይን ግምት ሲለጠፉ ወደ ላይ ከፍ የማለት ልማድ አላቸው። በደረት መሐል አጥንት ላይኛው ክፍል በጣት የሚዳሰሰውን ጉብታ ያግኙ፤ ከእርሱ ጎን ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ቆጥረው አራተኛው ክፍተት ላይ ቪ1 የተባለውን የደረት ኤሌክትሮድ በቀኝ፣ ቪ2ን በግራ ያኑሩ። ቪ4 በአምስተኛው ክፍተት በአንገት አጥንቱ እኩሌታ ትይዩ ነው፤ ሴቶች ላይ የሚለጠፈው ከጡት ሥር መሆኑን፣ ለዚህም ፈቃድ መጠየቅና መጋረጃ መሳብ የሥራው አካል መሆኑን አንርሳ። በኀፍረት ምክንያት ከልብስ በላይ ተገምቶ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ያልነበረ ሕመም ሊያሳይ፣ ያለውንም ሊደብቅ ይችላል።

ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች፣ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ብርድ ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጡንቻዎች የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ በወረቀቱ ላይ ሲወርድ ፈጣንና ሰፊ ምት ይመስላል፤ ትኩሳት የሚያንዘፈዝፈው ሰውም እንዲሁ። ታማሚውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ እጆቹን ከጎኑ አሳርፎ እንደገና ማንሣት ብዙ ግራ መጋባትን ያስወግዳል። ይህ ካልረዳ አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለ። በጣት ላይ የሚታሰረው የኦክስጅን መለኪያ በሞኒተሩ ላይ የራሱን ሞገድ ይሥላል። ኢሲጂው 200 እያለ የጣቱ ሞገድ በእርጋታ 84 የሚቆጥር ከሆነ፣ የእጅ አንጓውም ምት ከጣቱ ጋር ከተስማማ፣ ፈጣኑ ነገር ከልቡ እንዳልመጣ አጥብቆ መጠርጠር ይገባል፤ በተዝረከረከው መስመር ውስጥም እውነተኞቹን ሹል ኪውአርኤሶች በእኩል ርቀት ቆመው ያገኟቸዋል። መስመሩ ወፍሮ እንደ ጥቅጥቅ ጥርስ ከታየ ደግሞ የግድግዳው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብቶ ይሆናልና ማሽኑን ነቅሎ በባትሪው ማስነሣት ይበቃል። ቀጥ ያለ መስመር ሲያዩ ምት በጣት ይፈልጉ፤ ከዚያ ገመዱ አለመውለቁን፣ የሞገዱ ቁመት መቆጣጠሪያ አለመቀነሱንና በሌላ ሊድም መስመሩ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ፤ በጣም ደቃቅ ፊብሪሌሽን ቀጥ ያለ መስመር መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው ንባቡ የሚጀምረው፤ ቅደም ተከተሉም ፍጥነት፣ እኩልነት፣ ስፋት፣ ከዚያ ፒ ሞገድ ነው። ፍጥነቱን ለማወቅ በሁለት ኪውአርኤሶች መካከል ያሉትን ትላልቅ ካሬዎች ቆጥሮ 300ን ለእነርሱ ማካፈል ይቻላል፤ ምቶቹ እኩል ካልተራራቁ ግን ይህ ስሌት ያሳስታል፤ 10 ሰከንድ በሚሸፍነው ሙሉ ወረቀት ላይ ያሉትን ኪውአርኤሶች ቆጥሮ በ6 ማባዛት ይሻላል። እኩልነቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአንድ ንጹሕ ወረቀት ጠርዝ ላይ የሦስት ተከታታይ ምቶችን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ወረቀቱን ወደ ጎን እያንሸራተቱ ማየት ይበቃል። ፈጣን ምት ላይ ዐይን በቀላሉ ይታለላልና ይህችን ምልክት ማድረግ ፈጽሞ አይተዉ፤ 170 የሚመታ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲያዩት እኩል ይመስላል፣ ምልክቱ ሲንሸራተት ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ስፋቱ የሁሉም መለያ ነው። ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ ስለሆነች ሦስት ትናንሽ ካሬዎች፣ ማለትም 0.12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነ ኪውአርኤስ ሰፊ ነው። መሠረቱም ግልጽ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከላይ በተፈጥሮ መስመሩ ከወረደ ታችኛውን ክፍል በሙሉ በቅጽበት ያዳርሰዋል፣ ከጡንቻው ውስጥ ከተነሣ ግን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተሻገረ ስለሚዘገይ ሞገዱ ይሰፋል። ልኬቱን ከሞኒተሩ አይውሰዱ። ሞኒተር ብዙ ጊዜ አንድ ሊድ ብቻ ያሳያል፤ የኪውአርኤሱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ በዚያ ሊድ ላይ ቀጥ ብሎ ከመስመሩ ጋር ሊደባለቅና ሰፊው ጠባብ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከ12ቱ ሊዶች መካከል እጅግ ሰፍቶ የሚታየውን መርጠው ይለኩ።

አሁን ወደ እኒያ አባት ወረቀት እንመለስ፤ 170፣ እኩል፣ ሰፊ። ፒ ሞገድን ሲፈልጉ በኪውአርኤሶቹና በቲዎቹ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች በራሳቸው ዘገምተኛ ፍጥነት፣ ከኪውአርኤሱ ጋር ምንም ሳይያያዙ ሲያልፉ ካገኙ፣ ላይኛውና ታችኛው ክፍል በየራሳቸው እየመቱ ነው፤ ይህ ቪቲ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በሰፋፊዎቹ መካከል አንድ ጠባብ ምት በድንገት ብቅ ካለም እንዲሁ፤ ከላይ የወረደ ኤሌክትሪክ በክፍተት ሾልኮ ታችኛውን ክፍል ለአንድ ጊዜ ያዘው ማለት ነው። ከቪ1 እስከ ቪ6 ያሉት ሁሉ ወደ ላይ ወይም ሁሉም ወደ ታች ካመለከቱ ይህም ወደ ቪቲ ያመዝናል። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ሲገኙ ያጸናሉ እንጂ ባይገኙ ቪቲን አያስቀሩም። ስለዚህ ምልክት ፍለጋው ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊወስድ አይገባም። ከታማሚው ወይም ከልጁ የሚገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ «ከዓመት በፊት ልቡን ታሞ ተኝቶ ነበር» የሚል፣ ወይም ቀድሞ በነበረው ቻርት ውስጥ ያለ አሮጌ ኢሲጂ፣ ከብዙ መለኪያዎች ይበልጣል። አሮጌው ወረቀት ላይ ምቱ ቀድሞም በዚሁ ቅርጽ ሰፊ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባ ትልቅ መረጃ ነው።

ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ የሚሠራው ብዙ ነው። ዲፊብሪሌተሩ (የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው ማሽን) ወደ አልጋው ይምጣ፤ ደረት ላይ የሚለጠፉት ፓዶቹ ካሉ ይለጠፉ፤ በክርን አካባቢ ወፍራም የደም ሥር መስመር ይከፈት፤ የኦክስጅን መጠኑ ከቀነሰ ኦክስጅን ይሰጥ፤ ደም ለፖታሲየምና ለኩላሊት ምርመራ ይወሰድ፤ ወረቀቱ በ12 ሊድ ይነሣ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ምት ሰውየውን እየጎዳው ነው? ግፊቱ ከወረደ፣ ንቃቱ ከደበዘዘ፣ ቆዳው ቀዝቅዞ ካላበው፣ ደረቱን ካመመው ወይም ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ትንፋሽ ካጠረው ጊዜው አልቋል፤ ሐኪሙ ከምቱ ጋር የተናበበ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጥ ሁሉም ነገር ዝግጁ መሆን አለበት። ለእንዲህ ያለ ሰፊና እኩል ምት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ጁል ይጀመራል፤ ታማሚው ንቁ ከሆነ አስቀድሞ ማደንዘዣ ይፈልጋል። የማናበቢያውን ቁልፍ መጫንና በየኪውአርኤሱ ላይ ምልክት መታየቱን ማረጋገጥ የነርሷ ዐይን ሥራ ነው፤ ከአንድ ንዝረት በኋላ ብዙ ማሽኖች ወደ ተራው ሥርዓት ስለሚመለሱ ሁለተኛ ከተፈለገ ቁልፉ እንደገና ይጫናል። ያልተናበበ ንዝረት በቲ ሞገድ ላይ ቢያርፍ ቪቲውን ወደ ፊብሪሌሽን ሊለውጠው ይችላል። ታማሚው የተረጋጋ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ በአብዛኛው የሚያዘው ሪትም የሚያስተካክለውን መድኃኒት አሚዮዳሮንን፣ 150 ሚሊ ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ሲሰጥ ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል በችኮላ አይገፋም። የትኛውም መድኃኒት ሲገባ ወረቀቱ እየታተመ ይቀጥል፤ ሪትሙ የተለወጠባት ቅጽበት ከሁሉ የበለጠ ምርመራ ናት።

ሰፊ የሆነ ሁሉ ግን ቪቲ አይደለም፤ ከአስመሳዮቹ አንዱን ከሌሎቹ አስበልጬ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ እርሱም የፖታሲየም ከመጠን በላይ መጨመር ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ወይም ለልብ ድካም ኢናላፕሪልና ስፒሮኖላክቶን አብሮ የሚወስድ ሰው በተቅማጥ ሰውነቱ ደርቆ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ቲ ሞገዶቹ ይሾላሉ፣ ቀጥሎ ፒ ሞገዱ ይተኛል፣ ከዚያ ኪውአርኤሱ እየሰፋ ሄዶ ከቲው ጋር ተዋሕዶ አንድ ተከታታይ ሞገድ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ ሰውየው በድንገት ከመሐል ሊወድቅ ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፤ ምቱ እጅግ ሰፊ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ከ120 በታች ከሆነ፣ በተለይም ዘገምተኛ ከሆነ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ፖታሲየምን ማሰብ ያስፈልጋል። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ሲሰጥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኪውአርኤሱ ሲጠብ በወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ሥራው ግን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይና ፖታሲየሙን ስለማይቀንሰው ኢንሱሊኑና ግሉኮሱ መከተል አለባቸው። ካልሲየምና ሶዲየም ባይካርቦኔት በአንድ መስመር ቢገናኙ ስለሚረጉ በመካከል መስመሩ በሳላይን ይታጠብ። ይህን ሰው ቪቲ ነው ብሎ አሚዮዳሮን መስጠት ይጎዳዋል። ስለዚህ «ኩላሊት ታመህ ታውቃለህ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ከትሪያጅ (ታማሚዎች ሲገቡ እንደ አጣዳፊነታቸው ከሚለዩበት ቦታ) ጀምሮ መጠየቅ አለበት።

ሰፊ ሆኖ እኩል ያልሆነ ምት ሌላ መንገድ ነው። በደቂቃ ከ200 በላይ፣ ርቀቱም ቅርጹም ከምት ምት የሚለያይ ከሆነ፣ በተለይ በወጣት ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ይዞ የተወለደ ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ቬራፓሚል፣ ዲጎክሲንና አዴኖሲን የተባሉት መድኃኒቶች ለዚህ ሰው አደጋ ናቸው። የሞገዶቹ ቁመት እየጨመረና እየቀነሰ በመስመሩ ዙሪያ የሚጠማዘዝ ከሆነ ደግሞ ቶርሳድ የተባለው የቪቲ ዓይነት ነው፤ ቀድሞ የተነሣው ወረቀት ላይ የኪውቲ ርዝመት (ከኪውአርኤስ መጀመሪያ እስከ ቲ ሞገድ መጨረሻ) ይታይ፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ይቅረብ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ቤዳኩዊሊን የሚወስዱ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሆነው ሃሎፔሪዶል የተሰጣቸው፣ ወይም በገጠር የፀረ ተባይ መርዝ የጠጡ ሰዎች ላይ ይህን ማሰብ ይገባል። በነገራችን ላይ ኦርጋኖፎስፌት በተባለው የፀረ ተባይ መርዝ ምክንያት ለዘገየ ምት የሚሰጠው አትሮፒን በተለመደው የዘገምተኛ ምት መጠን አይወሰንም፤ ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ እየታጠፈ ይሰጣል።

ስለ ጠባብ ፈጣን ምት ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ግን መባል አለበት። ደም የፈሰሰው፣ ትኩሳት ያለበት ወይም በተቅማጥ የደረቀ ሰው ልቡ በ130 ሲመታ ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ነውና ምቱን በመድኃኒት ማውረድ መልስ አይሆንም፤ ሕክምናው የመንሥኤው ነው። ከ150 በላይ ሆኖ በድንገት የጀመረ፣ ታማሚው ቢተኛም ቢረጋጋም ቁጥሩ የማይነቃነቅ ከሆነ ኤስቪቲ፣ ማለትም ከላይኛው ክፍል የሚነሣ ፈጣን ምት፣ ይሆናል። ለእርሱ ለ15 ሰከንድ አምጦ እንዲነፋ አድርጎ ወዲያው በጀርባው አስተኝቶ እግሮቹን ከፍ ማድረግ ከመድኃኒት በፊት ይሞከራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት በዚህ መንገድ 43 በመቶ ያህሉ ወደ ተፈጥሯዊ ሪትም መመለሳቸውን፣ በተለመደው ማማጥ ግን 17 በመቶ ብቻ መመለሳቸውን አሳይቷል። እኩል ያልሆነ ጠባብ ምት አብዛኛውን ጊዜ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው፤ በእኛ አገር በሩማቲክ የልብ ቫልቭ በሽታ ምክንያት በወጣት እናቶች ላይ ሳይቀር ስለሚገኝ «ለዚህ ዕድሜ አይሆንም» ተብሎ አይታለፍ።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ ለሚሠራ ነርስ የኤሌክትሪክ አደጋም እንግዳ አይደለም። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ልቡን የሚመታው ከሆነ ወይም የመጀመሪያው ኢሲጂ ጤናማ ካልሆነ በሞኒተር ሥር ይቆያል፤ የቃጠሎው ማነስ ልቡ አለመነካቱን አያሳይም።

እኒያን አባት ወደ ደሴ መላክ ካስፈለገ በሐረጎ ዳገት የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በተንቀሳቃሽ መኪና ውስጥ ግን ኢሲጂ ማንበብ እጅግ ያስቸግራል፤ ንቅናቄው መስመሩን ያዝረከርከዋል። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት የደም ሥር መስመሩ የተረጋገጠ፣ ፓዶቹ የተለጠፉ፣ የዲፊብሪሌተሩ ባትሪ የተሞላ፣ አብሮ የሚሄደውም ባለሙያ ማናበቢያውን የሚያውቅ መሆን አለበት። በመንገድ ላይ ሞኒተሩ ግራ ካጋባ መኪናውን ጠርዝ አስይዞ ማቆምና ምቱን በጣት መፈለግ ይቀድማል። ለሚቀበለው ሐኪም በስልክ ሲነገርም ስም ብቻ አይነገር፤ «ቪቲ ይመስለናል» ከማለት ጋር «170፣ እኩል፣ ስፋቱ 0.16፣ ግፊቱ 110/70፣ የጀመረው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ይህን ሰጥተናል» ቢባል ተቀባዩ የራሱን ፍርድ ይሰጣል።

ከታማሚው ጋር የሚሄደው ወረቀት ፈጣኑ ምት የታተመበት ዋናው ይሁን፤ ደሴ ሲደርሱ ምቱ ወደ ተፈጥሯዊ ሪትም ተመልሶ ከሆነ ምን እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ነገር የለምና። በላዩ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የነበረው ስሜትና ግፊቱ በእጅ ይጻፉበት። ሰዓቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያትማል፣ እኛ ደግሞ በራሳችን ቀንና ሰዓት እንጽፋለን፤ የስድስት ሰዓት ልዩነቱ ሦስት ወረቀቶች በተነሡበት ሌሊት የትኛው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተነሣ ሊያምታታ ይችላል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሰዓቱን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር፣ «ከመድኃኒት በፊት» ወይም «በኋላ» ከሚል ቃል ጋር ይጻፉ። በሙቀት የሚታተመው የኢሲጂ ወረቀት ብርሃን፣ ሙቀትና አልኮል ሲነካው ስለሚደበዝዝ፣ ታማሚው ከመሄዱ በፊት ፎቶ ኮፒው በቻርቱ ውስጥ ይቅር።